ቤት የሚሞላው ሙጂብ

ሙጂብ ስልኩ ላይ ሰው ሲመዘግብ ስም ብቻ አይጽፍም፤ ከስሙ ጎን ቁጥር ያኖራል። «ደረጀ 4» ማለት ደረጀ ከተጠራ አራት ሰው አስከትሎ ይመጣል ማለት ነው። «ነፃነት 6» ማለት ደግሞ ነፃነት አርብ ማታ ብቅ ካለች ስድስት ወንበር ተያዘ ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ሰውም አለ። እሱ ብቻውን መጥቶ፣ አንድ ጥግ ይዞ፣ በአንድ ጠርሙስ የሚያመሽ ስለሆነ ሙጂብ አይደውልለትም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው።

ሥራው ቤት መሙላት ነው። አዲስ አበባዎች ፕሮሞተር ይሉታል። የጭፈራ ቤቱን ባለቤቱ ይሠራዋል፣ ሙዚቃውን ዲጄው ያጫውታል፣ ሰውን ግን የሚያመጣው ሙጂብ ነው። ቦሌ አካባቢ ይህንኑ ሲሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። በትውልድ ከተማው በከሚሴ ግን እናቱ ሰዒዳ ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ሆቴል ነው የሚሠራ» ትላለች። ሆቴል ያላትም እሱ ራሱ ነው። መጠጥ አልቀምስም፣ ጁምዓም አላሳልፍም፣ ስለዚህ ውሸቴ ግማሽ ውሸት ነው እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። እውነቱን የምታውቀው ታናሽ እህቱ ሰልማ ብቻ ትመስለው ነበር። እሷም ከሚሴ ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ የሰው ምስጢር መያዝ ለምዳለች።

ስለ ከተማ ሌሊት ማወቅ የፈለገ እሱን መጠየቅ ነው። አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ሌሊት ማለት ቀን ላይ የሚሠራ ሥራ ነው ይላል። ሰው ሁሉ ጭፈራ ቤት በሙዚቃ የሚሞላ ይመስለዋል፤ ሙዚቃማ ታክሲ ውስጥም አለ። ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው። ባዶ ቤት እንግዳ ያባርራል፣ ሙሉ ቤት ራሱ ይጣራል። ስለዚህ ጭንቁ ያለው የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሰዎች ላይ ነው። እነሱን ለማግኘት ደግሞ ስድስትና ሰባት ሰው ከሚያስከትሉት ይጀመራል። ውስጡ ጭር ብሎ እንኳ ቢሆን በሩ ላይ ሰልፍ ይኑር። ከሁሉ የሚፈራው መሐል ላይ የተቀመጠ አንድ ባዶ ወንበር ነው። አንድ ባዶ ወንበር አሥር ሰው ያስነሣል ባይ ነው።

የከተማውን ሌሊት የሚያዋርዱ ሰዎችን ግን አይወድም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምስት ዓመት ኖሮ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ፣ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ የሚያየው የሌለ ሰው፣ አርብ ማታ በሩ ላይ ሲደርስ ሙጂብ በስሙ ይጠራዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ትከሻው ሰፋ ይላል። ሙጂብ ያችን የትከሻ መስፋት እስከ ዛሬ አልጠገባትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህን ሰው የምንወደው ለዚሁ ነው፤ እንጂ ነገረኛ ነው፣ ጉረኛም ነው፣ ሱሪውም ከልኩ በላይ ይጠብባል።

አባቱ ሙሐመድዘይን ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አኼራ ሄደ። እሱ የሰፈሩ ጠሪ ነበር። ሰርግ ያለው፣ ሰደቃ ያለው፣ ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሙሐመድዘይንን ነው። ከዘራውንና ጃንጥላውን ይዞ፣ ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። በዚያ ሰፈር ደንብ ጥሪ ማለት ደጃፍ ረግጦ፣ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ የቤቱን ሰው ደኅንነት ጠይቆ፣ ዱዓ ተቀባብሎ የሚነገር ነገር ነው። ቆሞ የጠራ እንዳልጠራ ይቆጠራል። በቆመ ሰው የተጠራ ሰው አይቀየምም፣ አይጣላም፤ እንዳልተጠራ ሆኖ ዝም ብሎ ይቀራል እንጂ።

የሰልማ ሰርግ ለጥር ሲቆረጥ ቤቱ ያለ አባት ስለነበር ኃላፊነቱ ሙጂብ ላይ ወደቀ። ሰዒዳ ሌላው ነገር አላስጨነቃትም። የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው፣ ድስትና ምንጣፍ አለ፣ በሬው ታስሯል፣ የሙሽራው ወገኖች ደግ ሰዎች ናቸው። ያስጨነቃት ዳሱ ነበር። የሙሐመድዘይን ቤት ዳስ ጎዶሎ ሆኖ ከታየ፣ ሰውየው ከነክብሩ ሁለተኛ እንደ ሞተ ትቆጥረዋለች። ይህንንም ለልጇ በግልጽ ነገረችው። ሙጂብ ሳቀ። «አብሽሪ እማ፣ ቤት መሙላት ለእኔ ተይው» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሚሴ ዛሬም እየሳቀች ታወራዋለች። ሙጂብ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚያውቀውን ልጅ የጥሪ ምስል አሠራ፤ ወርቃማ ፊደል፣ ርችት፣ ከታች በኩል «እንዳያመልጥዎ» የሚል። ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፍቶ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አስገባ። በመጨረሻ ባጃጅ ተከራይቶ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አሰረና የራሱን ድምፅ ቀድቶ ለቀቀው። ያ ክለብ በር ላይ ሰው የሚያስሮጥ ድምፁ፣ ከበስተኋላው ከበሮ እየተመታለት፣ «ታላቁ የሰልማ ሙሐመድዘይን ሰርግ» እያለ ሦስት ቀን ከአውራ ጎዳናው እስከ ገበያው ጫፍ ተመላለሰ። ሕዝቡ ወደደው። የአዲስ አበባና የደሴ ሚኒባስ ረዳቶች እስክስታ ወረዱበት። ሰልማ ግን ይህ ነገር አያምርም ብላ ደጋግማ ነገረችው። እሱ ደግሞ ስለ ገበያ ጥናት ሰፊ ትንታኔ ሰጣት።

ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው በርበሬ የሚቀነጠስበት ቀን ደረሰ። የተጠራ ቤት ሴቶች በዚያ ቀን ሳይነገራቸው መጥተው፣ እየተጨዋወቱና እየተሳሳቁ በርበሬውን ቀንጥሰው ይጨርሳሉ። ማን እንደሚመጣ፣ ስንት እንደሚመጣ የሚታወቀውም ከዚያው ነው። ሰዒዳ ግቢውን ጠርጋ ስድስት ምንጣፍ አነጠፈች፤ በርበሬውን መሐል ላይ ከመረችው። ጠዋት ሁለት ዘመዶች መጥተው ትንሽ አግዘው ሄዱ። ዙህር ተሰገደ፤ ሌላ ማንም አልመጣም። አስር ሲሰገድም አምስቱ ምንጣፍ እንደ ተነጠፈ ነበር፤ ሰዒዳ ስድስተኛው ላይ ተቀምጣ በርበሬውን ብቻዋን ትቀነጥሳለች።

ሙጂብ ስልኩን አውጥቶ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰዎች ጥሪውን እንዳዩት ሊያሳያት ሞከረ። እሷ ስልኩን አላየችም። «አባትህ የሞተ ለት ይህ ግቢ አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ ነበር» አለች። «ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ ልጄ?»

ሙጂብ አሥራ አንድ ዓመት ቤት ሞልቶ የእናቱን ግቢ መሙላት አቃተው። አፈረ፤ እንባውም መጣበት። ሰልማ ማታ ከፋርማሲ ስትመለስ ነገሩን አፍረጠረጠችው። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ሊገዙ የመጡ የሰፈሩ ሴቶች፣ ሰርግሽ ደርሷል ሲሉ ሰማን፣ አላህ ያሳምረው፣ ለመሆኑ የተጠራው ማን ማን ነው እያሉ ሲጠይቋት ውለዋል። አንዷም በክፋት አልነበረም የጠየቀችው። ባጃጁን ሰምተውታል፣ ስልኩንም አይተውታል፤ የተጠሩ ግን አልመሰላቸውም። ቁጭ ብሎ የጠራቸው የለማ።

በነጋታው ሙጂብ አባ እንድሪስ ዘንድ ሄደ። አባ እንድሪስ በጉልምስናቸው ከሙሐመድዘይን ጋር አብረው ይጠሩ የነበሩ ናቸው፤ አሁን እግራቸው አብጦ ከፓፓያው ዛፍ ጥላ አይርቁም። ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው «አካም ቡልቴ» አሉት፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ከጎናቸው ያለችውን ዱካ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ታኢ» አሉት።

«ቸኩያለሁ አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ ብዬ...»

«ቁጭ በል አልኩህ እኮ።»

ተቀመጠ። ስለ ሰርጉ ሊናገር ሲል አባ እንድሪስ ቀደሙትና አዲስ አበባ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት። ሙጂብ ሆቴል ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን የትናንቱ ምንጣፍ ፊቱ ላይ መጣበትና መዋሸት አስጠላው።

«ሰው እጠራለሁ» አለ።

የሽማግሌው ፊት በራ። «ታዲያ የአባትህን ሥራ ነዋ የያዝከው!»

እንግዲህ ጎሽ ከተባሉ በኋላ እውነቱን መጨረስ ከባድ ነው። ሙጂብ ግን ጨረሰው። ሌሊቱን፣ መጠጡን፣ ጭፈራውን፣ በሩ ላይ የሚቆመውን ሰልፍ፣ ስልኩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሳይቀር ነገራቸው። አባ እንድሪስ ይቆጡኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ግን ጉዱን ለማጣራት ጥያቄ ጀመሩ። የሚበላ ነገር ይቀርባል ወይ አሉት። እምብዛም አለ። ዱዓ አለ ወይ? የለም። ሙሽራ አለች? የለችም። ሰው ሞቶ ነው? አይደለም።

«አጀብ ነው። ታዲያ ምን አግኝተው ይመጣሉ?»

ሙጂብ ስለ ኮንዶሚኒየሙና ስለ ቢሮው፣ በሩ ላይ በስሙ ሲጠራ ትከሻው ስለሚሰፋው ሰው ነገራቸው። አባ እንድሪስ ሬዲዮናቸውን ጭራሹን ዘጉት።

«ይኸስ ሐቅ ነው» አሉ። «ስሙን የሚጠራለት ያጣ ሰው የት የማይሄድ አለ? መጠጡን አልወደድኩልህም። ስም መጥራትህን ግን ወድጄዋለሁ።» ከዚያ በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር እያደረጉ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «ከምትጠራው ሰው አንዱ የቀረ እንደሆንስ ምን ታደርጋለህ?»

«ሌላ ሰው እጠራለሁ።»

«ለምን ቀረ ብለህ አትጠይቅም?»

ሙጂብ መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌውም አልጨቀጨቁትም፤ እንዲሁ ወደ ሰርጉ ነገር ተመለሱና ጥሪውን ከማን ሊጀምር እንዳሰበ ጠየቁት። እሱም ከቅሬው ሰብሳቢና ከትልልቆቹ ነጋዴዎች አላቸው፣ እነሱ ብዙ ሰው ያስከትላሉና። አባ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባትህ ከማይመጣ ሰው ነበር የሚጀምር። ተነሥ፣ መጀመሪያ ፋጡሜ ዘንድ ሂድ» አሉት።

ፋጡሜ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለች አራት ዓመቷ ነው። ሰርግ ልትመጣ ቀርቶ ወደ ደጅ የምትወጣውም በሰው ሸክም ነው። ሙጂብ አሥር ደቂቃ ብሎ ገባ፤ የወጣው አስር ሲሰገድ ነው። ዕድሜውን ጠየቀችው፣ ስላላገባው ሚስት ጠየቀችው፣ ጥርሱን ያመው እንደሆነ ጠየቀችው፤ በልጅነቱ ጥርስ ያመው ነበርና። ከባጃጁ የሚመጣውን ድምፅ በመስኮት እንደሰማችና ማን ይሆን እያለች እንደ ሳቀችም ነገረችው። ሰርጉን ሲነግራት መነሣት የማትችለዋ ሴት በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«አባትህ ሲጠራኝ፣ ቦታሽ ይያዝልሽ ወይ ይለኝ ነበር» አለችው። «አንተስ?»

«ይያዝልዎ እንዴ?»

«ይያዝልኝ እንጂ!»

ሙጂብ ኋላ ከእናቱ እንደ ሰማው፣ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሙሐመድዘይን በጠራበት ሰርግ ሁሉ ሴቶቹ በኩል ፊት ለፊት ለፋጡሜ አንድ ወንበር ይያዝ ነበር፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሙጂብ በእግሩ ነው የጨረሳቸው። ያች ጠባብ ሱሪ ለመቀመጥ ስለማትመች በሁለተኛው ቀን የአባቱን ሽርጥ አገለደመ። በየቤቱ ተቀመጠ፣ በየቤቱ ተቆጡት፣ በየቤቱ ስለ አባቱ አወሩለት። ስለ አባቱ ከሞተ በኋላ ያወቀው በሕይወት ሳለ ከሚያውቀው በለጠ። አንዱ ቤት ሙሐመድዘይን ሁለት ወንድማማቾችን ያስታረቀው ለሰርግ ሲጠራቸው ነበር። ሌላው ቤት ደግሞ አዝመራው በጠፋበት ዓመት ሙሐመድዘይን ቁጭ ብሎ ጠርቶ ሲያበቃ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ ማታውን እህል የጫነች አህያ ደጃፍ ላይ አስሮ ሄዷል። ሙጂብ ይህን ሲሰማ መቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ ገባው። ቆሞ የጠራ ሰው የቤቱን ሰው ፊት እንጂ ጓዳውን አያይም።

ጎረቤታቸው ይግዛው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የተለየ ቁጣ ጠበቀው። ይግዛው ልብስ ሰፊ ነው፤ አባቱ በሹመት መጥቶ ከሚሴ የቀረ ክርስቲያን። በሙሐመድዘይን ቤት ሰርግ ሲኖር ለክርስቲያን እንግዶች የሚታረደው በግ ቀደም ብሎ ለይግዛው ይሰጣል፤ እሱ ባርኮ ያርዳል፣ ሚስቱ ለብቻ ትሠራለች፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ይበላል። ይግዛው ቢላዋውን ስሎ ሳምንት ሙሉ ጠብቆ ነበር። ሙጂብ አፉ በለኝ ብሎ ጉልበቱን ሊይዝ ሲል ይግዛው ከለከለውና፣ ቴሌግራም ላይ በግ መላክ የሚቻል ከሆነ እየጠበቅኩ ነው አለው። ሁለቱም ሳቁ። በጉ በዚያው ምሽት ተሻገረ።

ጨፋ ሮቢት ላይ ግማሽ ቀን ከገበሬዎች ጋር አውድማ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ባቲ ድረስ ሄዶ የአባቱን የድሮ ወዳጆች ከግመሎቻቸው መሐል ፈልጎ ጠራ። «ኒ ዱፍነ» አሉት፤ እንመጣለን ማለታቸው ነው። ስንት ሆነው እንደሚመጡ ሊጠይቃቸው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ ሽንኩርቱ የሚከተፍበት ቀን ነበር። ሰዒዳ በዚህኛው ጊዜ የፈራች ይመስላል፤ ሦስት ምንጣፍ ብቻ አነጠፈች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ቢላዋዋን ይዛ ገባች፣ ከኋላዋ አራት፣ ከዚያ ማን ይቁጠረው። ምንጣፍ ከየቤቱ እየተሸከሙ መጡ። ሙጂብ የሚያውቀው ሥራ ነውና ማን እንዳመጣቸው ማጣራቱ አልቀረም። በየቤቱ ከተቀመጠላቸው ሴቶች ሌላ ከሩቅ ሰፈር የመጡ፣ ጭራሽ ያልደረሰባቸው ነበሩ። ጠየቃቸው። ያመጣቻቸው ፋጡሜ ናት። አልጋ ላይ የዋለች ሴት ጠያቂዋ ብዙ ነው፤ ከሚሴ ውስጥ በሳምንት አንዴ ፋጡሜን የማይጠይቅ ቤት የለም። እሷም ለገባው ሁሉ፣ የሙሐመድዘይን ልጅ ከዙህር እስከ አስር ቁጭ ብሎ ጠራኝ፣ በእኔ እግር አንተ ሂድልኝ፣ አንቺ ሂጂልኝ ስትል ሰንብታለች።

እሑድ ዕለት ዳሱ ሞልቶ ሰው ከግቢው ውጭ ተቀመጠ። የባቲዎቹ በሁለት መኪና መጡ። ይግዛው በወንዶቹ በኩል፣ ሚስቱ በሴቶቹ በኩል ክርስቲያኖቹን ሲያስተናግዱ ዋሉ። ሰልማ አምራ ነበር፤ ወንድሟን ስታየው ግን በሽርጡ መሳቋን አልተወችም። ፊት ለፊት አንድ ወንበር ባዶውን ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም ደግሞ በእሱ ምክንያት አልተነሣም። ሰዒዳ ልጇን በጓሮ በኩል አግኝታ ግንባሩን ሳመችው። ሥራው ሆቴል አለመሆኑን ካወቀች አምስት ዓመት እንደሆናት የነገረችውም ያን ጊዜ ነው።

«ሰው ትጠራለህ አሉ። አልከፋኝም» አለችው። «ለጎረቤት ግን ሆቴል ነው ማለቴን አልተውም።»

ሰኞ ጠዋት ዳሱ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ተደራርበው ወደ ቅሬው ቤት የሚወስዳቸውን ጋሪ ይጠብቃሉ። ሙጂብ ጭፈራ ቤትም ሰኞ ጠዋት እንዲህ እንደሚመስል ያውቃል፤ ወንበሩ ተደራርቦ፣ መሬቱ ገና ሳይጠረግ። ልዩነቱ እዚያ ሰኞ ለት የትናንቱ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ከአዲስ አበባ የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ነው፣ የፊታችን አርብ እንዳትቀር፣ ቤቱ ቀዝቅዟል የሚል መልእክት። ሙጂብ እንደ ልማዱ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች መግፋት ጀመረ። «ነፃነት 6» ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

ነፃነት ከክረምት ወዲህ አልመጣችም። አራት ዓመት ሙሉ አርብን ያልሳተች ልጅ፣ በሩ ላይ ስሟ ሲጠራ እንደ ሕፃን የምትስቅ። አንድ አርብ ቀረች፣ ሌላ ተጠራ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። በስድስት ወር ውስጥ ለምን ቀረች ብሎ አንድ ቀን አላሰበም።

መጀመሪያ ከስሟ ጎን ያለውን ስድስት አጠፋው። ከዚያ ዙሪያውን አየ፤ ከተደራረቡት ተለይቶ የቆመው የፋጡሜ ወንበር ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ደወለላት። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«ዛሬ ደሞ የት ነው?» አለችው፣ ሰላምታ ሳታስቀድም። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«የትም አይደለም። ብትቀሪብኝ ነው የደወልኩት። ደኅና ነሽ ወይ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ አልተቋረጠም። እንደገና ጆሮው ላይ ሲያደርገው ረጅም ትንፋሽ ሰማ።

«ቆይ» አለችው ነፃነት፣ «ቁጭ ልበል።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማው።